የአየርላንዱ ንጉሥ በጓሳ አፋፍ

ቅዳሜ ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

የፊተኛውን ወንበር ለዴክላን ሰጡት። ቲኬቱን ቀድሜ የቆረጥኩት እኔ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በዚያ ብርድ የተሰለፍኩት እኔ፤ ረዳቱ ግን ገና ቀዩን ፂም ሲያይ «ጌታዬ፣ ወደዚህ፣ ከሾፌሩ ጎን» ብሎ አንድ የእህል ነጋዴ አስነስቶ አስቀመጠው። እኔን ከኋላ፣ ከተጠባባቂ ጎማውና እግራቸው ከታሰረ ዶሮዎች ጋር ጣለኝ። ጉዞውን የጀመርኩት በቅናት መሆኑን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አብራችሁኝ እስከ ጓሳ ስለምትሄዱ፣ መንገድ ላይ «ይኼን ሰውዬ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ።

ዴክላን አየርላንዳዊ ነው። እኔ ታሪክ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቅናቴ ምክንያት ያገኝ ነበር። አብረን መሥራት ከጀመርን ወዲህ የሚያወራልኝ ስለ አንድ ንጉሥ ነው፤ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ገደማ የአገሩን ምዕራብ ስለገዛ ንጉሥ። ስሙ ለአማርኛ ምላስ ስለማይመች እኛም ንጉሡ እያልን እንለፈው። ያለፈው ፋሲካ መንዝ ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ ጨዋታ ቢያጥረኝ ይህንኑ ንጉሥ ለአባቴ አነሳሁላቸው። እንግዲህ በዚህ ጥር ለገበያ በወጣ ሰው መልእክት ላኩብኝ፦ «ያንን ፈረንጅ ይዘኸው ና።» ይዘኸው ና ነው ያሉት። እኔን ብቻዬን «ና» ብለው ልከውብኝ አያውቁም።

የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። አባቴ የዘራችን ቆጣሪ ናቸው። በእኛ አገር ርስት የሚጸናው፣ የጓሳን ሳር ማጨድም የሚፈቀደው፣ አገሩን ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ሰው ሳይዘል መቁጠር ለሚችል ነው። ክርክር በተነሳ ቁጥር አባቴ ዳኛ ፊት ቆመው በቃላቸው ይወርዱታል። አሁን ግን አርጅተዋል፤ ድምፃቸውም እየሰለለ ነው። «ቆጠራውን ያስተምሩኝ» ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው፤ መልሳቸው ሁልጊዜ «ቆይ» ነው። ታናሽ ወንድሜ ደመቀ በልጅነቱ በፈንጣጣ ስለሞተ ከእኔ በቀር ወንድ ልጅ የላቸውም። ታዲያ ማንን ነው የሚጠብቁት? በዚህ ጉዞ ቆጠራውን ሳልይዝ አልመለስም ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ጣርማ በር

ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ ከዋሻው አፍ ላይ አወረደን፤ እሱ ወደ ደሴ ቁልቁል ይቀጥላል፣ እኛ በበቅሎ ወደ መንዝ እንገባለን።

«ይህን ዋሻ የበሳው ጣሊያን ነው በለው» አለኝ ሾፌሩ በአገጩ ወደ ዴክላን እያመለከተ። «እሱ ጣሊያን ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው በደህና ይግባ» አለና ፍሬኑን ለቀቀ።

በቅሎ የሚያከራየው ሽፈራው የሚባል አንድ ቀጠን ያለ የመዘዞ ሰው ነው። ኪራዩን ከሁለታችንም እኩል ተቀበለ፤ ለዴክላን ግን አዲስ ግላስ የለበሰችውን ሰጋር በቅሎ ሲያቀርብለት ለእኔ አንዲት ጆሮዋን ያጠፈች ቡላ በቅሎ ጎተተልኝ።

«ይቺ አትጥልም?» አልኩት።

«አንዳንዴ ትጥላለች ጌታዬ። እሱ እንግዳ ነው፤ እርስዎ ግን የአገር ልጅ ነዎት። ብትጥልዎም የሚወድቁት አገርዎ ላይ ነው።»

እስከ መዘዞ ድረስ ጣለችኝ እንጂ ምን ትተወኛለች። ዴክላን ባየኝ ቁጥር ወርዶ በቅሎውን ሊለውጠኝ ይጠይቃል፤ እኔም ባቀረበልኝ ቁጥር እምቢ እላለሁ። ደግነቱ ከመውደቁ ይብስ ነበር።

እሑድ፣ ሞላሌ

ከመዘዞ አድረን ቀኑን ሙሉ በገብስ አዝመራ መሃል ስንጓዝ ውለን ሞላሌ ገባን። አገሩ ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል፤ ደርሰው ሲያዩት ድንገት ገደል ይሆናል። በየደጁ ሴቶች የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። አውድማው ላይ በሬዎች ገብስ ያበራያሉ። ጥቁር በርኖስ የደረበ ሁሉ ለዴክላን ቆሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ እኔን «አስተርጓሚው» ይለኛል።

ያደርነው ወይዘሮ አስካለ የተባሉ ጠላ ሻጭ ቤት ነው። መደቡ ላይ አዲስ ዝተት አነጠፉለት። የገብስ እንጀራ በሽሮ ሲያቀርቡ ከእሱ ወገን ቅቤው ከፍ ብሎ ሲንሳፈፍ አየሁ፤ ከእኔ ወገን ሽሮው ብቻ ነው። ትሪው አንድ ነው፤ እንዴት እንዳደረጉት እስካሁን አልገባኝም።

«ይኼ ልጅ ወላጅ አለው?» አሉኝ።

«አለው።»

«እንዴት አስቻላቸው?» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉለት።

ከራት በኋላ ዴክላን የንጉሡን አያቶች በቃሉ ይወርድልኝ ጀመር፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ እያለ። በአገሩ እንዲህ ያለውን ነገር ከአባት ወደ ልጅ እየያዙ የሚቆዩ ቤተሰቦች እንደነበሩ፣ እነሱም ሥራቸው ለንጉሡ ዘር መቁጠር ብቻ እንደነበር ነገረኝ። ጠላዬን ጨለጥኩ። እሱ የሌላ ሰው፣ ያውም የሞተ ንጉሥ አያቶችን አንድም ሳይስት ያውቃል። እኔ የገዛ አያቶቼን ከሦስተኛው በላይ አላውቃቸውም። በወንበርና በቅቤ መቅናት ቀላል ነው። ይኼኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሰኞ አመሻሽ፣ ቤት

መሐል ሜዳን አልፈን፣ መሬቱ ወደ ጓሳ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ የወላጆቼ ቤት ከአፋፉ ላይ ታየ። አባቴ ደጅ ላይ በትራቸውን ተመርኩዘው ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ዴክላንን ሳሙ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ከዚያ እኔን ሳሙኝ፤ እኔን ሲስሙ እንኳ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው።

«በረደው መሰል» አሉና የለበሱትን በርኖስ አውልቀው አለበሱት።

ያንን በርኖስ አያቴ ናቸው ለአባቴ የተዉላቸው። ልጅ ሆኜ ሰው ሳያየኝ ከመስቀያው ላይ አውርጄ እለብሰው ነበር፤ እግሬ ሥር ይጎተት ነበር። ዴክላን ትከሻ ላይ ግን ልክክ አለ።

እናቴ እግሬን ልታጥበኝ ውሃ ይዛ መጣችና ፊቴን አየችው።

«ምነው ፊትህ ሐምሌ መሰለ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ደክሞህ አይደለም። ደመቀ የተወለደ ዕለትም እንዲህ ነበርክ» አለችና ሳቋን ዋጥ አድርጋ እግሬን ማሸት ጀመረች።

ማክሰኞ

ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አባቴ ደጁ ላይ አጎዛ አስነጠፉ። የንስሐ አባታችን ቄሱም ተጠርተው መጡ። «በል፣ ያንን ንጉሥ አምጣው» አሉት ዴክላንን። ዴክላን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኔ መሃል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ።

«መንግሥቱን ከአባቱ ወረሰ?» ሲሉ አባቴ ጀመሩ።

«በእኛ አገር ቀጥ ብሎ ከአባት ወደ ልጅ አይሄድም ነበር» አለ ዴክላን። «ከአንድ ቅድመ አያት የወረደ ወንድ ሁሉ ሊመረጥ ይችላል። ወንድምም፣ አጎትም፣ የአጎት ልጅም።»

አባቴ ጭናቸውን መቱ። «ይኼማ ርስት ነው። አባ፣ ይሰማሉ? የእኛው ርስት ነው'ኮ።»

«ሲመርጡትስ እንዴት ያደርጉታል?» አሉ ቄሱ።

«ከኮረብታ ላይ ያወጡትና ነጭ በትር ያስይዙታል። ዘር ቆጣሪው ደግሞ አያቶቹን በሕዝቡ ፊት ይጠራለታል።»

አባቴ ይህን ሲሰሙ ወገባቸውን አቀኑ። «ወንድሞች ነበሩት?»

«ብዙ። አባቱ ብዙ ሚስት ነበረው።»

«ምን ሆኑ?»

«አንዱን ጦር ሜዳ ገደለው። የአንዱን ዓይን አጥፍቶ ከምርጫ አስወጣው። ሦስተኛውን አልጋ ወራሽ ብሎ ከጎኑ አቆመው። እሱም ንጉሡ ሲሞት ከንጉሡ ልጆች ጋር ተዋጋ።»

«እግዚኦ» አሉ ቄሱ።

«ሁሉም ድርሻ ስላላቸው ነው» አሉ አባቴ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። «ልጆቹን ያሳደጋቸው ማነው?»

ዴክላን ይህን ሲጠየቅ ደስ አለው። በዚያ ዘመን ንጉሥ ልጁን ቤቱ እንደማያሳድግ፣ በሕፃንነቱ ለሌላ ቤተሰብ እንደሚሰጥ፣ ንጉሡ ራሱም እንዲሁ ሰው ቤት እንዳደገ ተናገረ።

«እንግዲያው የሞተ ዕለት፣ ወንድሞቹና ልጆቹ በትሩን ሲሻሙ፣ አስከሬኑን ማን አነሳው?»

ዴክላን ትንሽ አሰበ። «አብሮት ያደገው ሰው። የአሳዳጊዎቹ ልጅ።»

«ከመንግሥቱ ድርሻ ነበረው?»

«ምንም አልነበረውም።»

አባቴ ፂማቸውን አሻሹ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዴክላን አዙረው፣ እኔን ሳያዩ «ተርጉምለት» አሉና መቁጠር ጀመሩ። እኔ ዕድሜ ልኬን የለመንኩትን ቆጠራ፣ ትናንት ለመጣ ፈረንጅ።

«አገር ያቀናው አምኃ ገብረ መስቀልን ወለደ። ገብረ መስቀል ወለተ ሐናን ወለደ። ወለተ ሐና ይፍሩን ወለደች። ይፍሩ ተክሌን ወለደ። ተክሌ ወልዴን ወለደ። ወልዴ ዘነበን ወለደ። ዘነበ፣ እኔ ማለት ነኝ፣ ታደሰንና ደመቀን ወለደ።»

አንዱን በጠሩ ቁጥር ቆም ይላሉ፤ እኔ ስሙን እደግማለሁ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን የትኛውን ወንዝ ተሻግሮ እንደመጣ ለዴክላን በእንግሊዝኛ አስረዳለሁ። ዴክላን ዓይኑን ጨፍኖ የአባቴን ድምፅ እየተከተለ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሲጨርሱ «ድገምለት» አሉኝ። ደገምኩለት። 

ረቡዕ፣ ጓሳ

ሳሩ ዘንድሮ ገና ስላልተከፈተ ከብትም ሰውም የለበትም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ካልፈቀዱ ማንም ማጭድ አያሳርፍበትም። ቀጥ ብሎ የበቀለው ጅብራ በጭጋግ ውስጥ ሰው መስሎ ይቆማል። አንድ ቀይ ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ እኛን ዞራም አላየችን። እንዲህ ያለ አገር እያለኝ ደብረ ብርሃን ከጠመኔ ብናኝ ጋር ምን እሠራለሁ አልኩ። ሳሩ ከፍ ካለበት ቦታ ላይ ቆመን አባቴ በበትራቸው የእኛን ድርሻ ዳር ድንበር አሳዩን፤ አሳዩት ማለት ይሻላል። ከዚያ እንደገና ቆጠሩ። እኔም እንደገና አስተረጎምኩ።

ሲጨርሱ አልቻልኩም።

«አባባ፣ ልጅዎ እኔ ነኝ» አልኩ። «ይህን ሁሉ ለእሱ የሚነግሩት እኔ ምን ሆኜ ነው? ቀንቻለሁ። በርኖሱን ሲያለብሱት ቀናሁ፣ ሲስሙት ቀናሁ፤ አሁን ደግሞ አያቶቼን ሰጡት።»

አባቴ ረጋ ብለው አዩኝ።

«አንድ ጊዜ ድገምለት» አሉኝ።

ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ከመጻፌ በፊት ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። በእኛ ዘንድ ሰው ያልወለደውን ልጅ ልጁ ማድረግ ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው የጡት ልጁ ነው፤ የወለዳቸውም ልጆች ወንድሞቹ ናቸው፤ ወንድምነቱም አይፈርስም። በእኛ ቤት ወግ የማሩን ዋንጫ የሚይዘው የበኩር ልጅ ነው። እሱ ካልያዘ ነገሩ አይሆንም።

አባቴ ከቆላ የመጣ ማር አስቀርበው ዋንጫውን ወደ እኔ ዘረጉት። «ያዝ» አሉኝ። «ዴክላንን የጡት ልጄ ላደርገው ነው።»

ዴክላን ቀድሞ ተነግሮታል መሰለኝ፣ ፂሙን ታጥቦ በርኖሱን ለብሶ ቆሟል። ተስፋዬን ቄሱ ላይ ጣልኩ።

«አባ» አልኩ፣ «ሃይማኖቱ ሌላ ነው'ኮ።»

«እኔን ክርስትና ያንሱት አላሉኝም» አሉ ቄሱ። «የሚጠባው ማር ነው።»

ዋንጫውን መሬት አስቀመጥኩት።  የበኩር ልጅ እምቢ ሲል ዋንጫ መሬት ሲነካ ያየ ሰው በዚያ ቤት የለም።

አባቴ አልተቆጡም። «ተቀመጥ» አሉኝ። «እኔ ዳኛ ፊት ስቆጥር ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ማን ነበር?»

«አጎቴ። ነፍሱን ይማረው።»

«ለምን ይመስልሃል?»

አጎቴ አገጩን በትሩ ላይ አስደግፎ እንደሚቀመጥ አስታወስኩ። አባቴ ሲቆጥሩ እሱ አንዲት ቃል አይናገርም፤ አንዳንዴ ብቻ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያን ጊዜ አባቴ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ይጀምራሉ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«ዘር ለአንድ ሰው አይሰጥም» አሉ አባቴ። «ብቻውን የሚቆጥር ሰው የወደደውን ያስገባል፣ የቀናበትን ይዘላል። ስለዚህ አባቴ ለሁለት ወንድማማች ሰጡን። አንዱ ቆጣሪ፣ አንዱ ሰሚ። ያንተ ሰሚ ደመቀ ነበር።»

 እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ቆይ ያልኩህ ሰሚ ሳጣልህ ነው። የአጎትህን ልጆች እንዳላስቀምጥልህ ድርሻ አላቸው፤ እኔ ስሞት አንተን ዘለው ይቆጥሩ ነበር። የዚያን ንጉሥ ወንድሞች አልሰማሃቸውም? ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። የተረፈው ድርሻ የሌለው ነው። ይኼ ልጅ ከጓሳ አንድ ነዶ ሳር አይፈልግም። ልጅ ጠምቶኝ መሰለህ እንዴ? ላንተ ወንድም ፈልጌ ነው።»

«እሱ'ኮ አገሩ ይመለሳል፣ አባባ።»

«ይመለስ። አንተ እስክታጸናው ድረስ ከተቀመጠ ይበቃል። እስከ ትናንት ስንት ጊዜ አስቆጠርኩህ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ስሞቹ አፌ ውስጥ ነበሩ። ለዴክላን የደገምኩት ሁሉ ለካ እኔን ሲያስጠኑኝ ነው።

ዋንጫውን አነሳሁ። አባቴ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩ፣ ዴክላን ተንበርክኮ ጠባ፣ ቄሱ «የአብርሃም የይስሐቅ ያድርገው» ብለው መረቁ። ማር ከፂሙ ላይ ሲንጠባጠብ እናቴ በእጇ ጠረገችለት። አልቀናሁም ብል እዋሻችኋለሁ። ዋንጫውን ግን እስኪጨርሱ ድረስ ያዝኩላቸው።

ቅዳሜ፣ ጣርማ በር

ተመለስን። ቡላዋ በመልሱ አልጣለችኝም። ሽፈራው ዴክላንን በርኖስ ለብሶ ሲያየው «ጌታው፣ የእኛ ሰው ሆነዋል» አለው። ዴክላን ወደ እኔ ጠቁሞ በተሰባበረ አማርኛው «ወንድሙ ነኝ» አለ። ሽፈራው ሁለታችንን አፈራርቆ አየና ለማስተባበል አልደፈረም።

ከደሴ የሚመጣውን አውቶቡስ እየጠበቅን ከዋሻው አፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ነፋሱ ጭጋጉን ከገደሉ እያወጣ በላያችን ይነዳዋል። ዴክላን ፊት ለፊቴ ዞሮ ተቀመጠ፤ አገጩን ለመንገድ በያዘው በትር ላይ አስደገፈ። ያንን አቀማመጥ ማንም አላስተማረውም።

«ቁጠር» አለኝ።

ከአምኃ ጀመርኩ። ገብረ መስቀል፣ ወለተ ሐና፣ ይፍሩ፣ ተክሌ፣ ወልዴ። አንዱም አላደናቀፈኝም። ደረቴን ነፍቼ «ዘነበ ታደሰን ወለደ» ብዬ ጨረስኩ።

ዴክላን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን?» አልኩት።

«አንድ ሰው ዘለልክ።»

ደሜ ፈላ። ማሩን ከጠባ ገና ሦስት ቀን ሳይሞላው መቆጠር አማረው አልኩ በልቤ። «የጡት ልጅ በዘር አይቆጠርም» አልኩት። «አንተን መጥራት የለብኝም።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔን አይደለም» አለ። «ደመቀን።»

አውቶቡሱ ከዋሻው ወጥቶ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ ቀዩን ፂም አየና የፊተኛውን ወንበር ሊያስለቅቅ ሮጠ። ደመቀ ከሞተ ጀምሮ ስሙን በአፌ ጠርቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ለዴክላን ሳስተረጉምም እንኳ የመጨረሻውን «ልጆቹን ወለደ» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ከዴክላን በፊት በዓለም ላይ የቀናሁበት ሰው እሱ ብቻ ነው፤ ሲወለድ ከአባቴ ጉልበት ላይ አወረደኝ።

ሾፌሩ ጡሩንባ ይነፋል፣ ረዳቱ «ጌታዬ፣ ይግቡ» እያለ ይጣራል። ዴክላን አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም። ከአምኃ እንደገና ጀመርኩ።